የሰማንያ ቀን ቤት

መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ጫማው ነው። ከበሩ መቃን በላይ፣ እጅ በማይደርስበት ከፍታ፣ ከሚስማር ላይ የተንጠለጠለ የሴት ኮንጎ ጫማ፤ ሰማያዊ፣ ታጥቦ ታጥቦ የነጣ። በግራው ጫማ ውስጥ ሸረሪት ድሯን አድርታ ትኖራለች። ሰኔ ገብቶ፣ ሰውም ከብቱም እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ለብሶ በሚውልበት በክትክታ አፋፍ ሰፈር፣ ጭቃ ያልነካው ጫማ ይህ ብቻ ነበር።

የሰቀሉት የስርጉት አማት እቴቴ ዘነበች ናቸው። የስርጉት ልጅ በተወለደች ማግስት በርጩማ ላይ ወጥተው፣ ሰባ ዓመት የተሸከማቸው ጉልበት እየተንቀጠቀጠ ሰቀሉት።

«እግርሽ እንኳ ቢያምረው ጫማሽ እንዳይታዘዘው» አሉ ሲወርዱ።

ስርጉት ከመደቡ ላይ እንደ ተኛች ሳቀች። ያኔ መሳቅ ቀላል ነበር።

ከጫማው ዝቅ ብሎ፣ በሩ ላይ፣ በቀይ ቀለም የተሳለ መስቀለኛ ምልክት አለ። ይፈርሳል ማለት ነው። በአርባ ሁለቱም በሮች ላይ አለ። ሰፈሩ ደብረ ታቦር አልቃ የገብስ ማሳ ከሚጀምርበት፣ ግራ ቀኙ ገደል በሆነ ጠባብ አፋፍ ላይ የተሰለፈ የጭቃ ቤት ነው፤ መግቢያው አንድ ብቻ። በመግቢያው አፍ ላይ የተቀመጠው የስርጉት ቤት ነው። ዶዘሩ ወደ ቀሩት አርባ አንድ ቤቶች ለመድረስ የእሷን ምድጃ ረግጦ ማለፍ ግድ ይለዋል።

ስርጉት የጉና ሥር ልጅ ናት። ውርጭ ድንቹን ባቃጠለበት ዓመት፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ ወደ ከተማ ወረደች። ሰው ቤት አገለገለች፣ የማታ ተምራ ስምንተኛ ክፍል ደረሰች፣ ኋላም ከእመቤት ግልምጫ ሲሚንቶ ይሻለኛል ብላ ቀን ሥራ ገባች። አሸዋ ስትሸከም ነው ግንበኛው ቢያድግልኝ ያያት። የመጀመሪያ ቃሉ «እስኪ ይህችን ቱንቢ ያዢልኝ» የሚል ነበር፤ የግድግዳ ቀጥታ የሚታይባትን በክር የታሰረች ብረት አቀብሏት። ያዘችለት። «አንቺ ስትይዣት አትወዛወዝም» አላት። ስርጉት ከዚያ የበለጠ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም ትላለች።

ከተጋቡ በኋላ፣ ከስድስት ዓመት በፊት፣ ቦታውን ከአንድ ገበሬ በሽማግሌ ፊት ገዙ። ጭቃና ጭዱን በእግሯ የረገጠች እሷ፣ ግድግዳውን ያቆመ እሱ። ቱንቢዋ ዛሬም ከምሰሶው ላይ አለች። ቦታው ለባለሀብት ተሰጠ የሚል ወሬ ሲመጣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ቢያድግልኝን መረጠ፤ ግድግዳ የሚያቃና ሰው ነገርም ያቃናል ብሎ። እሱም የአርባ ሁለቱን አባወራ ፊርማ አሰባስቦ «ምትክ ቦታ ሳይሰጠን አትንኩን» የምትል ማመልከቻ ጻፈ። ማመልከቻዋ ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተት ቆይታ ፍርድ ቤት ደረሰች። ፍርድ ቤቱም ማፍረሱ ይታገድ ወይስ ይቀጥል የሚለውን ለመወሰን ለሐምሌ ዐሥራ ሰባት ቀጠረ።

ሚያዝያ ሃያ ቀን ቢያድግልኝን ከሥራ ቦታው፣ እጁ ላይ ያለው ሲሚንቶ ሳይደርቅ ወሰዱት። ሕገ ወጥ ስብሰባ ጠርተሃል ተባለ። በማግስቱ ሰዎች መጥተው ከስርጉት ቤት የመብራቱን ቆጣሪ ነቅለው ሄዱ። ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ሄዶ «በምን ጥፋቱ ነው?» ብሎ የጠየቀው የጎረቤቷ የብርቱካን ባል ባጃጁን ተነጠቀ። ከዚያ ወዲያ ጠያቂ ጠፋ።

አፍራሾቹ የመጡት ግንቦት ልደታ ጠዋት ነው፤ ስርጉት ምጥ ላይ ሳለች። በልደታ ቀን አካፋ ማንሳት ከብዷቸው ነበር፤ ከውስጥ የምጥ ድምፅ ሲሰሙ ከገበያ የተቀጠሩት የቀን ሠራተኞች መሣሪያቸውን መሬት ላይ አኖሩ።

«አራስ ቤት አንነካም» አሉ ከመካከላቸው ሽበት የወረራቸው አንድ ሰው። «ክርስትና እስኪነሳ ድረስ ማርያም ያለችበት ቤት ነው።»

የአፍራሹ ግብረ ኃይል አስተባባሪ አስናቀ ይባላል፤ የቢያድግልኝ እኩያ የሆነ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው። ተቆጣ፣ አባበለ፣ አበል እጨምራለሁ አለ። ማንም አልተነቃነቀም።

«እሺ፣ ክርስትናው መቼ ነው?» አለ በመጨረሻ።

«መጀመሪያ ይወለድ እንጂ! ወንድ ከሆነ በአርባ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ።»

ያን ጊዜ ነው ሰፈሩ ሁሉ ማስላት የጀመረው። አርባ ቀን ሰኔ ዐሥር ላይ ያልቃል፤ ችሎቱ ገና ከወር በላይ ሲቀረው ቤቱ ይፈርሳል። ሰማንያ ቀን ግን ሐምሌ ሃያ ነው፤ ችሎቱ ካለፈ በሦስተኛው ቀን። ጠላትም ወዳጅም ግቢው ውስጥ ቆሞ ጆሮውን ወደ በሩ አቀና። ለወንድ ሰባት እልልታ ነው፤ ለሴት ሦስት።

የመጀመሪያው እልልታ ወጣ። ሁለተኛው ተከተለ። የእድሩ ጡሩንባ ነፊ አባ ይሻው በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። ሦስተኛው ረዘመ፣ ረዘመ፣ አለቀ። አባ ይሻው አራተኛ ጣታቸውን በሌላኛው እጃቸው ጨብጠው ያዙት፤ እንዳይነሳ የሚከለክሉት ይመስል። አራተኛ አልመጣም። ከዚያ የአርባ አንድ ቤት ሰው በአንድ ጊዜ ጮኸ። በክትክታ አፋፍ ለሴት ልጅ እንዲያ ተጨፍሮ አያውቅም።

እቴቴ ዘነበች እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ ወጡ። አስናቀ ምንም ቢሆን የወግ ልጅ ነውና ኮፍያውን አወለቀ።

«እንኳን ማርያም ማረቻት፣ እናቴ።»

«አሜን፣ ማርያም ታክብርህ!» አሉ እቴቴ ዘነበች። ደስታው አስክሯቸው ነበር። «ለክርስትናው ና እንጂ ታዲያ! ሐምሌ ሃያ፣ እሑድ። እንዳትቀር!»

አስናቀ ቀኑን ስልኩ ላይ መዘገበ። ዶዘሩ ለሐምሌ ሃያ አንድ፣ ለሰኞ ተቀጠረ። አፍራሽን በአፋቸው ጠርተው ቀን የሰጡ ሴት መሆናቸውን ያወቁት ኋላ ነው። «ምን ላድርግ?» ይላሉ እስከ ዛሬ። «እንኳን ማርያም ማረቻት ላለ ሰው፣ ና ብላ ካልተባለ ምን ይባላል?»

ለልጅቷ ስም የሚወጣው በክርስትናዋ ነው። ሰፈሩ ግን መጠበቅ አቅቶት ሰማንያ ብሎ ጠራት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደ ሠርግ ነበሩ። ከየቤቱ አጥሚት ይመጣል፣ ገንፎ ይመጣል፣ ቅቤ ይመጣል። «እኔ ሦስቱን ስወልድ ማን ዞር ብሎ አየኝ!» ትላለች ብርቱካን ድስቱን እያኖረች። «የአንቺ ግን የመንደር አራስነት ነው። ብሊ፤ ብትከሺ አርባ አንድ ቤት ይዘሽ ነው የምትወድቂው።»

ቀልዱ እየዋለ እያደረ ጨው አነሰው። አባ ይሻው በመግቢያው ላይ ካለው ድንጋይ ሳይነሱ ይውላሉ፤ ጡሩንባቸው በጉልበታቸው ላይ። ለጥበቃ ነው። ግን ስርጉት ለፀሐይ ብላ ደጁ ላይ ብቅ ስትል ቀድመው የሚያዩዋት እሳቸው ናቸው።

«ግቢ ልጄ፣ ነፋሱ መጥፎ ነው።»

«ነፋስ የለም እኮ አባ ይሻው።»

«ይመጣል።»

ጉዳዩ ነፋስ አለመሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። አራስ ከደጅ ከታየች፣ ለአስናቀ ወሬ የሚያቀብል አይጠፋም፤ አራስነቷ አበቃ ይባላል። ስለዚህ ስርጉት ገባች። አራት እርምጃ በሦስት እርምጃ የሆነችውን ክፍል ከምሰሶ እስከ በር፣ ከበር እስከ ምሰሶ ተመላለሰችባት። ቢያድግልኝ በጣቢያው ያለበትን ክፍል ስፋት በእናቱ ልኮላት ነበር፤ አራት በአራት። «የእሱ ትበልጣለች» አለች ለብርቱካን። ብርቱካን ለመሳቅ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው።

ስንቁን በየቀኑ የሚያደርሱት እቴቴ ዘነበች ናቸው። ጣቢያው ስማቸው ከተመዘገበ ቤተሰብ በቀር አይቀበልም፤ ያውም ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ብቻ። ጠባቂው ምሳ ዕቃውን ያስከፍትና «ቅመሱ» ይላል፤ መርዝ እንዳይሆን። የሰኔ ጾም ሲገባ እቴቴ ዘነበች «እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ ልጄ» ብለው ለመኑት። «እናቴ፣ ካልቀመሱ አይገባም» አላቸው፤ ዓይኑን ግን አላነሳም። ቀመሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ለልጃቸው ብለው ጾም ይገድፋሉ፣ በየማታው በስግደት ይቅርታ ይለምናሉ። ጉልበታቸው ያበጠው በዚህ ነው።

ከወዲያ የሚመጣው መልእክት ሁልጊዜ አንድ ነው። «ሰማንያውን ሙሉልኝ ብሏል» ይላሉ ባዶውን ምሳ ዕቃ እያኖሩ። «ልጄን ሳሚልኝ፤ ሰማንያውን ሙሉልኝ።»

አስናቀ ደግሞ ዓርብ ዓርብ ይመጣል። አራስ ሊጠይቅ። አንድ ኪሎ ስኳር ይዞ፣ ከደጅ ቆሞ፣ በመጋረጃው በኩል ያናግራታል።

«እህቴ፣ እንደምን ዋልሽ? ሕፃኗ አማን ናት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እኔኮ ጨካኝ ሆኜ አይደለም። አንዲት ወረቀት ናት። ቤቱን በፈቃዴ ለቅቄያለሁ ብለሽ ትፈርሚያለሽ፣ ባልሽ በዚያው ቀን ይወጣል። እንግዲህ አባት ልጁን አላያትም፤ ያንቺ ልብ እንዴት እንደቻለው!»

ስርጉት ልጇን ወደ ሌላው ጡቷ ታዞራለች። እሱም አይቆጣም። ስኳሩን ደፍ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። በሦስተኛው ዓርብ «የልጅሽ ክትባት ያለፈ መሰለኝ» አላት። በአምስተኛው የጉናውን ወንድሟን ስም ጠራ። «ገብሱን ዘርቶ ጨረሰ ወይ?» አለ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። ያን ቀን ስርጉት የሕፃኗን ጨርቅ ሦስት ጊዜ አጠበችው።

ሰኔ ሃያ አምስት፣ ረቡዕ፣ ከጉና የወረደው ዝናብ ሲያባራ ሰማንያ መሳል ጀመረች። ሐሙስ ጠዋት ጡት ተወች። ደረቷ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር፤ የቆርቆሮ መዝጊያ በነፋስ ሲጠባ እንደሚሰረጉደው። ብርቱካን በጋቢ ጠቅልላ፣ ጎመን የያዘች መስላ፣ በአባ ይሻው ፊት አሳልፋ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ ሲመታት ተመለሰች።

«የሳምባ ምች ነው። ሆስፒታል ትተኛ አሉ፣ አሁኑኑ። እናቷስ አሉኝ። የምታጠባት እናት ሳትኖር አንቀበልም አሉ።»

ከነፍስ አባታቸው ከአባ ዘውዱም መልእክት ደረሰ፤ «የታመመ ሕፃን ቀን አይጠብቅም፤ አምጧትና ላጥምቃት።» ክርስትና ከተነሳች ደግሞ ቤቱ እንደ ማንኛውም ቤት ነው።

አባ ይሻው ዝናቡን ፈርተው ሳይሆን ለምክር ወደ ውስጥ ገቡ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ያዞሩታል።

«ሃያ ቀን ናት የቀረችው ለችሎቱ» አሉ። «ሃያ ቀን ብቻ፣ ልጄ። ዘጠና ሦስት ሕፃን ነው በዚህ አፋፍ ላይ ያለው፤ እኔው ነኝ የቈጠርሁ። ክረምት ነው። የት ይገባሉ?»

ይህ እውነት ነው። ስርጉት ውሸት ቢሆን ኖሮ ትጮህባቸው ነበር።

«መላ አለኝ» አሉ እቴቴ ዘነበች ድንገት። «እኔ እተኛለሁ።»

«የት?»

«ከመጋረጃው ኋላ ነዋ! ዓርብ ሲመጣ አቃስታለሁ። እሷ ተደብቃ ሆስፒታል ትግባ።»

ብርቱካን ፍርፍር ብላ ሳቀች። «ወይኔ እቴቴ! አስናቀ እንኳን ማርያም ማረችዎ ብሎ ስኳር ሊሰጥዎ ነው! በሰባ ዓመትዎ!»

ሁሉም ሳቁ፤ አባ ይሻው እንኳ። መላው ግን ቀልድ አልነበረም፤ ለአፍታ ሁሉም አመኑበት። ከዚያ ስርጉት ጠየቀች።

«ስንቁንስ ማን ያደርሳል?»

ቤቱ ለአንድ ሰዓት እንኳ ባዶ ከቀረ ወሬው ለአስናቀ ይደርሳል፤ ብርቱካንም ሦስት ልጆቿን ትታ ውላ አታድርበትም። ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ሦስት ቦታ። አንዷ መደቡ ላይ፣ አንዷ ጣቢያ በር ላይ፣ አንዷ ሆስፒታል። ቤተሰብ ያልሆነ ስንቅ አያስገባም፤ እናት ያልሆነች አታጠባም። እንዴትም ቢገለብጡት አንዱ ቦታ ባዶ ይቀራል። ስርጉት ዓይኗን ወደ ቱንቢዋ አነሳች። ነፋስ በስንጥቁ እየገባ ያወዛውዛታል። ሄዳ በእጇ አቆመቻት፤ ስትለቃት ግን መልሳ መወዛወዝ ጀመረች።

«ቢያድግልኝ መታመሟን ያውቃል?» አለች።

እቴቴ ዘነበች መሬት መሬት አዩ። «ደኅና ናት አልሁት። ምን ልበለው? እዚያ ሆኖ ምን ያደርጋል?»

ስለዚህ እሱ አያውቅም። «ውጪ» የሚላት ሰው በምድር ላይ አልነበረም።

ዓርብ ማለዳ ጫማዬን አውርዱልኝ አለች። እቴቴ ዘነበች በርጩማው ላይ ወጡ፤ አልከለከሏትም። ሸረሪቷ ወጥታ በመቃኑ ላይ ሸሸች። ጫማው ግን እምቢ አለ፤ ሃምሳ ሰባት ቀን ከቤት ያልወጣ እግር አብጦ ነበር። ስርጉት ዞር ዞር ብላ የቢያድግልኝን ላስቲክ ቦት ከመደቡ ሥር ጎትታ አወጣች። የደረቀ ሲሚንቶ አለበት። አጠለቀችው። ልጇን በደረቷ አቅፋ፣ በላይዋ ጋቢ ደርባ፣ መጋረጃውን ገለጠች።

ካፊያ ቢኖርም ብርሃኑ ዓይኗን ወጋት። ምድር እንዲህ ሰፊ መሆኗን ረስታው ነበር፤ የገብሱ ማሳ፣ የታጠበው ገደል፣ ራሱን በደመና የተከናነበው ጉና። ለአንድ አፍታ ሁሉንም ረስታ እንደ ሕፃን አየች። ከዚያ ሰማንያ ሳለች።

አስናቀ ከፒክአፑ ወርዶ ወደ በሩ እየመጣ ነበር፤ ስምንተኛው ስኳር በእጁ። ሲያያት ቆመ። በሰባት ዓርብ ፊቷን አይቶት አያውቅም።

«ሰማንያው… አልሞላም እኮ» አለ። የደነገጠ እሱ ነበር።

«አልሞላም።»

«ክርስትናስ ተነሣች?»

«አልተነሣችም። ታማለች።»

አስናቀ ስልኩን አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ከተተው። ለእንዲህ ያለው ቀን የተጻፈ ነገር አልነበረውም። ከዚያ ፊቱ ለሰለሰ፤ ከቁጣው ይልቅ የምትፈራው ይህን ነበር።

«ነይ እህቴ፣ መኪናው ውስጥ ግቢ። ሆስፒታል በሩብ ሰዓት አደርስሻለሁ።» የደረት ኪሱን ዳሰሰ። «ወረቀቷን መንገድ ላይ ትፈርሚያታለሽ። ባልሽም ዛሬ ማታ ልጁን ሆስፒታል መጥቶ ያያታል።»

በእግር እስከ አስፋልቱ ሠላሳ ደቂቃ ጭቃ ነው። ከዚያ ባጃጅ ከተገኘ ነው። ሕፃኗ በደረቷ ላይ ታቃጥላለች። አባ ይሻው ከድንጋያቸው ተነሥተው ቆመዋል፤ ከኋላቸው በየደጁ ሰው ወጥቷል።

«ሳልፈርም ታደርሰኛለህ?» አለችው።

አስናቀ አፉን ከፈተ። ወደ መኪናው አየ፣ ወደ ሾፌሩ አየ፣ ከዚያ በእጁ ወዳለው ስኳር አየ።

«እኔም የታዘዝሁ ሰው ነኝ» አለ።

«እንግዲያ በእግሬ እሄዳለሁ።» ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች፤ ዞር ግን አላለችም። «ሰባቱ ስኳርህ መደርደሪያው ላይ ነው። አንዱም አልተፈታም። ቤቱን ብታፈርሰው እንኳ መጀመሪያ እሱን አውጣ፤ የሰው ነገር ፍርስራሽ ውስጥ አይቅር።»

አባ ይሻው ፊት ደረሰች። እጃቸውን ዘርግተው ሊይዟት ይችሉ ነበር፤ መንገዱ ጠባብ ነው። እጃቸው ተነሣ፤ አየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ የሕፃኗን መጠቅለያ ጫፍ በዝናቡ በኩል ከደነ።

«እሳቱ?» አሉ በቀስታ።

«አዳፍኜዋለሁ፤ አልጠፋም።»

«እኔ እገባለሁ» አሉ። በዕድሜያቸው ሙሉ ምድጃ አጠገብ ቁጭ ብለው እሳት ቈስቁሰው የማያውቁት ሰው፣ ጡሩንባቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ አራስ ቤቱ ገቡና መጋረጃውን ከኋላቸው መለሱ። እቴቴ ዘነበች ምሳ ዕቃውን በፎጣ ማሰር ጀመሩ፤ እስከ ስድስት ሰዓት ጣቢያው በር መድረስ አለባቸው። አስናቀ በደጁ ላይ ቆሞ ቀረ። ካፊያው ስኳሩን በያዘችው ወረቀት ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር።

ስርጉት ቁልቁለቱን ጀመረች። ቦቱ ሰፍቷት በየእርምጃው ከጭቃው ሲላቀቅ ድምፅ ያሰማል፤ አንዴ አዳልጧት በአንድ እጇ አፈሩን ያዘች፣ በሌላው ልጇን፣ ተነሣች። በማሳው ጫፍ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። እዚያ ለአፍታ ቆማ ጆሮዋን ወደ ሕፃኗ ዝቅ አደረገች፤ ትንፋሿን ልታዳምጥ። ከዚያ ጋቢዋን አጥብቃ ሄደች፤ ከፊቷ ካፊያው፣ ከኋላዋ የቢያድግልኝ ቦት በጭቃው ላይ የተወው ትልልቅ አሻራ፣ ውኃ እየሞላ።